ሄንሪ ሞዝሊ፦ የአቶሞችን ትክክለኛ ቁጥር ያገኘው ወጣት

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ወይም ታናሽ ወንድም ካላችሁ የኬሚስትሪ ደብተሩን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። መሐል ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ትገኛለች። እርሷን የሚከብቡ ሌሎች ክቦች አሉ፤ በየክቡ ላይ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል፤ ከክቦቹ አጠገብም ኬ፣ ኤል፣ ኤም የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተጽፈዋል። ይህ የአቶም ሥዕል ነው። ነጠብጣቦቹ ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ ክቦቹም ሼል ይባላሉ። በጉና ተራራ አካባቢ፣ በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ከፍተኛ ቦታዎች የሚገኙ ተማሪዎችም እንደ ሌላው የአገራችን ተማሪ ሁሉ ፔሪዮዲክ ቴብል የሚባለውን የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ የሚማሩት ይህንን ሥዕል እየሳሉ ነው።

ሥዕሉን ለመሳል አንድ ነገር ማወቅ ግድ ነው፤ እርሱም የንጥረ ነገሩ አቶማዊ ቁጥር ነው። ሶዲየም 11 ነው ከተባለ 11 ነጠብጣብ እንስላለን። መዳብ 29 ነው ከተባለ 29 እንስላለን። ታዲያ መዳብ 28 ወይም 30 ሳይሆን 29 መሆኑን ማን አወቀ? እንዴትስ አወቀ? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የዚህን ጥያቄ መልስ ያገኘውን፣ ነገር ግን በ27 ዓመቱ በጦር ሜዳ የወደቀውን የሄንሪ ሞዝሊን ሕይወት ነው።

ከጋፋት ወደ ሠንጠረዡ

ታሪኩን ለመረዳት ከቅርባችን ብንጀምር ይሻላል። ከደብረ ታቦር ብዙም በማትርቀው በጋፋት፣ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ፣ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና የተላኩ የእጅ ባለሙያ ሚስዮናውያን ይኖሩ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ነው። ወንጌልን ለማስተማርና የእጅ ሥራን ለማሳየት የመጡት እነዚህ ሰዎች በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ መድፍ ወደ መሥራት ገቡ። ከብዙ ድካምና ካልተሳኩ ሙከራዎች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1867 ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ 7 ቶን የሚመዝን ታላቅ መድፍ ከናስ አቀለጡ። መድፉም በብዙ ሺህ ሰዎች ጉልበት እስከ መቅደላ ተጎተተ።

ናስ መዳብ ከሌላ ብረት ጋር ሲቀላቀል የሚገኝ ነው። የጋፋት ሠራተኞች መዳብ ብቻውን ለስላሳ እንደሆነ፣ ሲቀላቀል ግን እንደሚጠነክር ከልምድ ያውቁ ነበር። ይሁን እንጂ አንዱን ብረት ከሌላው የሚለየው በውስጡ ያለው ምን እንደሆነ እነርሱ ብቻ ሳይሆኑ በዓለም ላይ የነበረ አንድም ሊቅ ሊናገር አይችልም ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1869፣ ሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ በዚያን ጊዜ የታወቁትን ከ60 የሚበልጡ ንጥረ ነገሮች በአቶም ክብደታቸው ቅደም ተከተል ደረደረ። ጠባያቸው የሚመሳሰል በየጊዜው ተመልሰው እንደሚመጡ ስላስተዋለም ዘመዳሞቹን በአንድ ወገን ሰበሰባቸው። ይህ ታላቅ ሥራ ነበር። ሆኖም አንድ ችግር አልተፈታም። በጥቂት ቦታዎች ላይ ክብደትና ጠባይ አልተስማሙም። ለምሳሌ ኮባልት ከኒኬል ጥቂት ይከብዳል፤ ጠባዩ ግን ከኒኬል በፊት እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ከሜንዴሌቭ ሠንጠረዥ በኋላ የተገኘው አርገንም ከፖታሲየም ይከብዳል፤ ነገር ግን ቦታው ከፖታሲየም በፊት ነው። ኬሚስቶች እንዲህ ያሉትን በጠባያቸው እያዩ ቦታ አስለወጧቸው እንጂ ምክንያቱን ማቅረብ አልቻሉም። ለአርባ ዓመት ያህል የንጥረ ነገሮቹ ተራ ቁጥር ከመደርደሪያ ቁጥር ያለፈ ትርጉም አልነበረውም።

ልደቱና አስተዳደጉ

ሄንሪ ግዊን ጄፍሪስ ሞዝሊ እ.ኤ.አ. ኅዳር 23 ቀን 1887 በደቡብ እንግሊዝ በዌይመዝ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የዕውቀት ቤተሰብ ነበር። በስም የሚመስለው አያቱ ካህንና የሒሳብ ሊቅ ሲሆን፣ መርከቦች በውኃ ላይ ሚዛናቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ ያጠና ሰው ነበር። አባቱ ቻሌንጀር በተባለችው መርከብ ውቅያኖሶችን ለማጥናት በተደረገው ታዋቂ ጉዞ የተካፈለ፣ በኋላም በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ የሥነ ሕይወት ሊቅ ነበር። የእናቱ አባትም በባሕር ቀንድ አውጣዎችና ዛጎሎች ጥናት የታወቀ ሰው ነበር።

አባቱ እ.ኤ.አ. በ1891 ሲሞት ሄንሪ ገና አራት ዓመት አልሞላውም። ከዚያ በኋላ ያሳደገችው እናቱ አማቤል ናት። በእናትና በልጁ መካከል የነበረው ቅርበት እስከ መጨረሻው ቀን አልላላም። በደብዳቤዎቹም የሚሠራውን ሥራ ለእርሷ ይዘረዝርላት ነበር።

ሄንሪ ኢተን በተባለው ዝነኛ ትምህርት ቤት በስኮላርሺፕ ተማረ፤ በፊዚክስና በኬሚስትሪም ተሸለመ። እ.ኤ.አ. በ1906 ወደ ኦክስፎርድ ገብቶ በ1910 ተመረቀ። የሚገርመው ነገር ያገኘው ማዕረግ አንደኛ አልነበረም፤ ሁለተኛ ነበር። እርሱም በዚህ አዝኖ ነበር። ነገር ግን ያ ውጤት የሕይወቱን መንገድ አልዘጋም።

በራዘርፎርድ ላቦራቶሪ

በዚያው ዓመት ወደ ማንቸስተር ሄዶ በኧርነስት ራዘርፎርድ ሥር መሥራት ጀመረ። ራዘርፎርድ እ.ኤ.አ. በ1911 አቶም በመሐሉ እጅግ ትንሽና ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ኒውክሊየስ እንዳለው አስታወቀ። ዴንማርካዊው ኒልስ ቦርም በ1912 ወደ ማንቸስተር መጥቶ ሠራ። በ1913 ደግሞ ኤሌክትሮኖች በኒውክሊየሱ ዙሪያ በተወሰኑ ደረጃዎች ብቻ እንደሚገኙ የሚገልጸውን ሐሳቡን አሳተመ። ዛሬ በደብተር ላይ የምንስላቸው ክቦች መነሻቸው ይህ ነው።

በዚያው ዘመን ቫን ደን ብሩክ የተባለ ሆላንዳዊ፣ የንጥረ ነገሩ ተራ ቁጥርና በኒውክሊየሱ ውስጥ ያለው የቻርጅ መጠን አንድ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል ግምት አቀረበ። ግምቱ ጥሩ ነበር፤ ማስረጃ ግን አልነበረውም። ሞዝሊ ይህንን ግምት በሥራ ለመፈተን ተነሣ።

ሞዝሊ በሥራ ላይ እረፍት የማያውቅ ሰው ነበር። ከቻርለስ ዳርዊን የልጅ ልጅ ጋር በራጅ ላይ አብረው ሠርተዋል። ይህ የሥራ ጓደኛው እንደሚያስታውሰው ሞዝሊ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ይሠራ ስለነበር፣ በማንቸስተር ከተማ በዚያ ሰዓት ምግብ የት እንደሚገኝ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ራጅና ትንሿ ጋሪ

ሁላችንም ራጅ የምናውቀው ከሐኪም ቤት ነው። ሞዝሊ የተጠቀመበት ግን አጥንት ለማየት አልነበረም። በፍጥነት የሚወረወሩ ኤሌክትሮኖች አንድን ብረት ሲመቱት ብረቱ ራሱ የራጅ ጨረር ያወጣል። እያንዳንዱ ንጥረ ነገርም የራሱ የሆነ ጨረር አለው። የተለያየ መጠን ያላቸው ደወሎች ሲመቱ ድምፃቸው እንደሚለያይ ማለት ነው።

ሞዝሊ የሚመረምራቸውን ብረቶች በአንዲት ትንሽ ጋሪ ላይ በተራ ደረደራቸው። ጋሪዋን አየሩ በተመጠጠበት የመስታወት ቱቦ ውስጥ አስገባት። ቱቦውን ሳይከፍትም በሐር ክር እየሳበ አንዱን ብረት ካንዱ ቀጥሎ ለኤሌክትሮኖቹ ያቀርብ ነበር። ከብረቱ የወጣው ጨረር በክሪስታል ላይ አርፎ ይተነተናል፤ በፎቶግራፍ መስታወት ላይም መስመር ሆኖ ይታያል። መስመሩ ያረፈበትን ቦታ በመለካት የጨረሩ የሞገድ ርዝመት ይታወቃል።

በመጀመሪያ ከካልሲየም እስከ ዚንክ ያሉትን ለካ። ከእነርሱም ውስጥ ብረት፣ ኮባልት፣ ኒኬልና መዳብ ነበሩበት። ዚንክን የለካው ብቻውን አልነበረም፤ መዳብና ዚንክ የተቀላቀሉበትን ናስ ተጠቅሞ ነው። የናሱ ፎቶግራፍ የመዳብንም የዚንክንም መስመሮች ለየብቻቸው አሳየ። ሁለቱ ብረቶች በእሳት ቢቀላቀሉም አቶሞቻቸው ማንነታቸውን አልለወጡም ማለት ነው።

ውጤቱ እጅግ ግልጽ ነበር። ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደሚቀጥለው ሲሄድ የጨረሩ ድግግሞሽ ስኩዌር ሩት በእኩል እርምጃ ይጨምራል። እንደ ደረጃ ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ከፍታው ከሌላው ጋር እኩል ነው። በክብደት ቢሆን ኖሮ እርምጃው አንድ ጊዜ ይረዝማል፣ አንድ ጊዜ ያጥራል፤ ወደ ኋላ የሚመለስበትም ቦታ አለ። በሞዝሊ መለኪያ ግን ኮባልት 27፣ ኒኬል 28፣ መዳብ 29 ሆነው ያለ ምንም ክርክር ተሰለፉ። በእያንዳንዱ እርከን የሚጨምረው በኒውክሊየሱ ውስጥ ያለው አንድ ፖዘቲቭ ቻርጅ ነበር። ይህም በኋላ ፕሮቶን ተባለ። ተራ ቁጥሩ መደርደሪያ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ የአቶሙ የራሱ ልክ ሆነ።

ይህንን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1913 አሳተመ። ከዚያም ወደ ኦክስፎርድ ተመልሶ፣ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ሳይኖረው፣ ምርመራውን ቀጠለ። ሁለተኛው ጽሑፉ በሚያዝያ 1914 ሲወጣ ከአሉሚኒየም 13 እስከ ወርቅ 79 ያለውን ሸፈነ። በመካከል የጎደሉ ቦታዎችንም በቁጥር ለይቶ 43፣ 61 እና 75 ገና ያልተገኙ እንደሆኑ አስታወቀ። ሜንዴሌቭ ያልተገኙ ንጥረ ነገሮች እንዳሉ በጠባይ ተመርቶ ተንብዮ ነበር። ሞዝሊ ግን ቤት ለቤት እየዞረ እንደሚቆጥር ሰው ባዶዎቹን በቁጥራቸው አመለከተ።

ሥዕሉ የሚነግረን

አሁን ወደ ተማሪዎቻችን ሥዕል እንምጣ። የመጀመሪያው ሼል 2 ኤሌክትሮን ይይዛል። ሁለተኛው 8 ይይዛል። ሊቲየም 3 ስለሆነ 2 እና 1 ተብሎ ይሳላል። ሶዲየም 11 ስለሆነ 2፣ 8፣ 1 ይሆናል። ፖታሲየም 19 ስለሆነ 2፣ 8፣ 8፣ 1 ይሆናል። ሦስቱም በመጨረሻው ክብ ላይ አንድ አንድ ነጠብጣብ አላቸው። ስለዚህም ሦስቱ በሠንጠረዡ በአንድ ዓምድ ተቀመጡ። ሦስቱም ያችን አንዲት ኤሌክትሮን በቀላሉ ይለቅቃሉ፤ ከውኃ ጋርም ይቆጣሉ። ኒዮን 2፣ 8፤ አርገን ደግሞ 2፣ 8፣ 8 ናቸው። የውጪው ክባቸው ስለተሟላ ከማንም ጋር ለመጣመር አይቸኩሉም።

እንግዲህ በክብደት ብቻ ብንደረድር ምን ይፈጠር ነበር? ፖታሲየም 39.10፣ አርገን 39.95 ስለሚመዝኑ ፖታሲየም 18ኛ፣ አርገን 19ኛ ይሆኑ ነበር። ተማሪውም ለፖታሲየም 2፣ 8፣ 8 ብሎ ይስልና ውኃ ሲነካው የሚነድደውን ብረት ከእነ ኒዮን ጋር ያስቀምጠዋል። ሞዝሊ ግን ክሎሪንን 17፣ ፖታሲየምን 19 ሆነው አገኛቸው፤ የ18ኛው ወንበር ለአርገን ቀረ። ሥዕሉ ከእውነት ጋር የተስማማው ቁጥሩ ስለተስተካከለ ነው።

በክቦቹ አጠገብ የሚጻፉት ፊደላትም ከዚሁ ሥራ ጋር የተያያዙ ናቸው። ከሞዝሊ በፊት ቻርለስ ባርክላ የተባለ እንግሊዛዊ ንጥረ ነገሮች የሚያወጡትን ራጅ በሁለት ከፍሎ ኬ እና ኤል ብሎ ሰይሞት ነበር። በኋላ ጀርመናዊው ቫልተር ኮሰል እንደገለጸው፣ ከውስጠኛው ሼል አንድ ኤሌክትሮን ሲወጣ ከውጪ ያለ ሌላ ኤሌክትሮን ወርዶ ቦታውን ይሞላል፤ የኬ ጨረርም ያን ጊዜ ይወጣል። ስለዚህ የጨረሮቹ ስም የሼሎቹ ስም ሆኖ ቀረ።

አንድ ነገር እንጨምር። ኤሌክትሮኖች እንደ ፈረስ በክብ መንገድ ላይ የሚሮጡ እንዳልሆኑ በ1920ዎቹ የተገኘው ዕውቀት አሳይቷል። ከፍ ላሉት ንጥረ ነገሮችም አሞላሉ ይወሳሰባል፤ ለምሳሌ መዳብ 2፣ 8፣ 18፣ 1 ነው። የሥዕሉ ክቦች ለመማሪያ የተቃለሉ ናቸው ማለት ነው። ቁጥሩ ግን አልተለወጠም፤ መዳብ ዛሬም 29 ነው።

ጦርነቱ መጣ

እ.ኤ.አ. በ1914 ክረምት ሞዝሊ ከእናቱ ጋር ለሳይንስ ጉባኤ ወደ አውስትራሊያ ተጓዘ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የፈነዳው በዚያ ጉዞ ላይ ሳለ ነው። ጉባኤው እንዳለቀ ወደ አገሩ ለመመለስ ቸኮለ። በላቦራቶሪ ውስጥ ሆኖ አገሩን ሊያገለግል ይችል ነበር፤ ወዳጆቹም ይህንኑ ይመርጡለት ነበር። እርሱ ግን መዝመት ግዴታዬ ነው ብሎ ስላመነ አጥብቆ ጠይቆ በንጉሣዊ መሐንዲሶች ጦር ውስጥ የመገናኛ መኮንን ሆነ። ማንም አላስገደደውም። ይህን ልንዘነጋው አይገባም።

በ1915 ክረምት መግቢያ ላይ ወደ ምሥራቅ ተላከ። በዘመቻ ላይ ሳለ ኑዛዜውን ጻፈ። ያለውን ሀብት ሁሉ ለሳይንስ ምርምር እንዲውል ለሎንዶኑ ሮያል ሶሳይቲ ተናዘዘ። ነሐሴ 10 ቀን 1915 በቱርክ በጋሊፖሊ ልሳነ ምድር፣ ሙስጠፋ ከማል የመሩት የኦቶማን ጦር ከኮረብታው ላይ በታላቅ ኃይል ወረደ። ሞዝሊ በመስክ ስልክ ትእዛዝ እያስተላለፈ ሳለ ጥይት ራሱን መታው። ወዲያው ሞተ። ዕድሜው 27 ነበር። የታወቀ መቃብር የለውም፤ ስሙ በጋሊፖሊ በሚገኘው የሄሌስ መታሰቢያ ላይ ከብዙ ሺህ ስሞች ጋር ተቀርጿል።

ራዘርፎርድ ዜናው ሲደርሰው እጅግ አዘነ። እንዲህ ያለውን ሰው በምሽግ ውስጥ ማሰለፍ አገሪቱ ስጦታዋን ያለ አግባብ ማባከኗ እንደሆነ በይፋ ጻፈ። ከዚያ በኋላም ሊቃውንትን በሙያቸው ማሠራት እንጂ ወደ ግንባር መላክ ተገቢ አይደለም የሚለው አስተሳሰብ በእንግሊዝ እየበረታ ሄደ።

ከሞቱ በኋላ

ሞዝሊ ያመለከታቸው ባዶ ቦታዎች አንድ በአንድ ተሞሉ። 75ኛው ሬኒየም በ1925፣ 43ኛው ቴክኒሺየም በ1937፣ 61ኛው ፕሮሜቲየም በ1945 ተገኙ። 72ኛው ሃፍኒየምም በ1923 በኮፐንሃገን የተለየው በሞዝሊ የራጅ ዘዴ ነው። ስዊድናዊው ማን ሲግባን የራጅ ምርመራውን አራቅቆ የ1924ቱን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አገኘ። ብዙዎች ሞዝሊ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ሽልማቱ አያመልጠውም ነበር ይላሉ፤ ሽልማቱ ግን ለሙታን አይሰጥም። ዛሬ ሠንጠረዡ እስከ 118 ደርሷል። የሚደረደረውም በክብደት ሳይሆን በሞዝሊ ቁጥር ነው።

የራጅ ምርመራውን የሠራው በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ነው። በሁለተኛ ዓመቱ፣ በአሥረኛ ዓመቱ ምን ይሠራ እንደነበር ማንም አያውቅም። በዚያው ኮረብታ ላይ ከሁለቱም ወገን የወደቁት በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ምን ሊሆኑ ይችሉ እንደነበርም እንዲሁ። የሞዝሊን ጉዳት ማስላት የምንችለው ሥራው በመታተሙ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የጋፋቱን ዋልድማየርን እናስታውስ። እርሱም የእጁ ሙያ ለጦር መሣሪያ የዋለበት ሰው ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ በሕይወት ወጣ። ወደ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት መሠረተ። በቤይሩት አጠገብም በአስፉሪዬ ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ያረፈው በ1915 ነው፤ ሞዝሊ በወደቀበት በዚያው ዓመት። አንዱ ከመድፍ በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ ተሰጠው፤ በዚያም ዘመን ብዙዎችን አስተማረ፣ ብዙዎችን አሳከመ። ሌላው አልተሰጠውም።

ወላጆችና የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ስለ መክሊት ለልጆቻችን ብዙ ጊዜ እንናገራለን። መክሊቱን የቀበረውን ባሪያ እንወቅሳለን። የሞዝሊ ሕይወት ግን ሌላ ጥያቄ ያነሣብናል። እርሱ መክሊቱን አልቀበረም፤ ሌሊቱን ሁሉ ሠራበት። ባለቤቱ ሳይቀብረው ዘመኑ የሚቀብረው መክሊት እንዳለም ያሳየናል። በአገራችንም፣ በአማራ ክልልም ሆነ በሌላው ስፍራ፣ ጦርነት ስንት ደብተር በግማሽ እንዳስቀረ እናውቃለን። ስለዚህ ልጆች በሰላም ውለው የሚማሩበትን ቀን መጠበቅና መጸለይ ብቻ ሳይሆን፣ በየደረጃው ያለን ሁላችን እንዲመጣ ልንሠራለት ይገባል። አንድ ተማሪ 2፣ 8፣ 8፣ 1 ብሎ ፖታሲየምን በትክክል ሲስል፣ ያን ቁጥር ያገኘው ሰው ካለፈበት ዕድሜ በላይ እንዲኖርና እንዲሠራ ልንመኝለት፣ ልንደክምለትም ይገባናል።